ምርመራው ቆሞብኛል፣ ተጫዋቾቼ እየጠበቁ ነው! የፖሊስ ሶርስቡኩን (ስለ ፖሊስ አሠራር የሚያስረዳውን የጨዋታ አጋዥ መጽሐፍ) ልስማ ወይስ የደንብ መጽሐፉን?

ባለመጋረጃው፦
እባካችሁ ድረሱልኝ፣ እረፍት ብያቸው ነው የወጣሁት። የሚና ጨዋታ (RPG) ላይ ነን፤ እኔ ጌም ማስተር ነኝ፣ ታሪኩን የምመራው፤ ተጫዋቾቼ ፖሊስ ሆነው ይጫወታሉ። አስከሬኑ የተገኘው ከመጋዘን ጀርባ ሜዳ ላይ ነው፣ ከተገደለ ሦስት ቀን ሆኖታል፣ መሀል ላይ ዝናብ ዘንቧል። የደሙ ዱካ ወደ ኋላ በር እንደሚወስድ ማወቅ ነበረባቸው፤ መርማሪዋ ዳይስ ጣለች፣ አልመጣላትም። ሌላ ፍንጭ አላዘጋጀሁም። አንዱ ደግሞ የፖሊስ አሠራር ሶርስቡክ ይዞ መጥቶ «የዲኤንኤ ውጤት ሳምንታት ይፈጃል፣ መጽሐፉ ይላል፣ እንጠብቅ» እያለ ነው። ከጠበቁ ገዳዩ ይሸሻል። በዚህ ላይ ሌላው የያዙትን ተጠርጣሪ ስልክ ከፍቶ አድራሻ አገኘ፤ ጠረጴዛው ላይ የሕግ ተማሪ አለች፣ «ማዘዣ የላችሁም፣ ሁሉም ውድቅ ነው» ብላ ጨዋታውን አስቆመችው። ሶርስቡኩ ስለ ስማርት ስልክ አንድ መስመር የለውም። የቱን ልስማ?

ሰባተኛ ወንበር፦
የቱ ሲስተም? የየት አገር ፖሊስ? ዘመኑስ?

ባለመጋረጃው፦
ዲ20 ሞደርን፣ ባለ 20 ገጽ ዳይስ የሚጣልበት። አሜሪካ፣ ከተማዋ የፈጠራ ናት። ዘመኑ አሁን። ቶሎ በሉ።

ዳይስ ጠላቴ፦
ገዳዩ ራሱ ጣቢያ መጥቶ እጁን ይስጥ፤ ተረኛው «ምሳ ሰዓት ነው፣ በኋላ ተመለስ» ይበለው 😂

ኮሚሽነር ነኝ ባይ፦
በመጀመሪያ እንግባባ። የፖሊስ ሶርስቡክ ጥቅሙ አሠራሩ ላይ ነው። ማን ለማን ሪፖርት ያደርጋል፣ ማስረጃ በነማን እጅ አልፎ ላብራቶሪ ይደርሳል፣ ዐቃቤ ሕግ መቼ ይጠራል፣ እዚህ ላይ ወርቅ ነው። ሕጉ ላይ ግን ከታተመ ማግስት ማርጀት ይጀምራል። በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶችም ውድቅ እንዲሆን ያደረገው የማፕ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1961፣ ፖሊስ የያዘውን ሰው ከመጠየቁ በፊት መብቱን እንዲነግረው ያስገደደው የሚራንዳ ደግሞ በ1966 ስለተወሰኑ አሮጌው መጽሐፍም ያውቃቸዋል። ስልክ ግን ሌላ ነው። ፖሊስ የያዘውን ሰው ስልክ ውስጡን ለመበርበር ማዘዣ ያስፈልገዋል ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በራይሊ ጉዳይ የወሰነው በ2014 ነው። ስልኩ የት የት እንደዋለ ከኩባንያው መዝገብ ማውጣትም ማዘዣ እንደሚፈልግ በካርፔንተር ጉዳይ የተወሰነው በ2018 ነው። መጽሐፉ ከዚያ በፊት ከታተመ ከየት አምጥቶ ይንገርህ? ሚራንዳንም በተመለከተ ብዙ ጌም ማስተር ይሳሳታል፤ መብቱ አልተነበበለትም ተብሎ ሰው አይፈታም። በቁጥጥር ሥር ሆኖ ሲጠየቅ የሰጠው ቃል ነው የሚጣለው...

ዳይስ ጠላቴ፦
ኮሚሽነር፣ ልጁ እሳት ላይ ነው፣ አንተ ሌክቸር ላይ።

ሰባተኛ ወንበር፦
ቆይ ባለመጋረጃው፣ ማለፊያ ቁጥሩን ስንት አድርገኸው ነው?

ባለመጋረጃው፦
32። መነሻው 15፣ ውጭ ስለሆነ 5፣ በየቀኑ 2 ስለሚጨመር 6፣ ዝናቡ ቦታውን ክፉኛ ስላበላሸው ሌላ 6። ከደንብ መጽሐፉ ነው የወሰድኩት። እሷ በዳይሱ ላይ የሚደመር የችሎታ ነጥብ 9 አላት፣ 17 ጣለች።

ሰባተኛ ወንበር፦
20 ብትጥልም እኮ 29 ነው! በዚህ ሲስተም የችሎታ ቼክ ላይ 20 መምጣቱ ብቻውን አያሳልፍም። ለምርመራ ደግሞ «ጊዜ ወስጄ እንደ 20 ይቆጠርልኝ» ማለት አይፈቀድም። በሩን ቆልፈህ ቁልፉን ኪስህ ከተህ ነው «ግቡ» ያልካቸው።

የማታ ፈረቃ፦
ዋናውን ፍንጭ ዳይስ አታስጥልበት። ሮቢን ሎውስ የሠራው ጋምሹ የሚባለው የምርመራ ጨዋታ ሲስተም ከመሠረቱ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ችሎታው ያለው ሰው ትክክለኛው ቦታ ላይ ከፈለገ ያገኛል፣ አለቀ። አሁን ተመለስና እንዲህ በላት፦ «ዝናቡ ዱካውን አጥቦታል። የኋላው በር ደፍ ላይ ግን፣ የጣሪያው ክፈፍ ከዝናብ በጋረደው በኩል፣ መዳፍ የማይሞላ የደረቀ ደም አለ።» ቼኩን ስለወደቀች የምታጣው ሌላ ነገር ይሁን፤ ስንት ሰው እንደነበረ፣ አስከሬኑ ተጎትቶ ይሁን በሸክም አታውቅም። በሩ ግን ተገኘ።

ተቃዋሚ ነኝ፦
ጥያቄህ ራሱ ልክ አይደለም። የቱ መጽሐፍ ያሸንፋል ብለህ ትጨነቃለህ፤ ልጁ «እንጠብቅ» ሲል እኮ ባለውለታህ ነው። ሳምንታቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አትዝለላቸው። አለቃቸው ሌላ መዝገብ ይጫንባቸው፣ የሟች ወንድም በየቀኑ እየደወለ ያስጨንቃቸው።

ባለመጋረጃው፦
ከጠበቁ ገዳዩ ይሸሻል እያልኩህ!

ተቃዋሚ ነኝ፦
ይሽሻ! የሚሸሽ ሰው ገንዘብ ያወጣል፣ ቲኬት ይቆርጣል፣ ለሆነ ሰው ይደውላል። ከታጠበ ደም ይልቅ ይሄ ይሻልሃል።

አዲስ ገቢ፦
እኔ የምለው ዋናውን ፍንጭ ዳይስ አታስጥልበት። በሌላ መንገድ እንዲያገኙት አድርግ።

የማታ ፈረቃ፦
ከላይ ተብሏል እኮ ወንድሜ።

ነጭ ጋውን፦
አስከሬኑ ሦስት ቀን ከሆነው ሶርስቡኩ ውስጥ ያለውን የሙቀት ሠንጠረዥ ዝጋው፤ ገላው ከአካባቢው ሙቀት ጋር ተስተካክሏል። መገተሩም አብዛኛውን ጊዜ ከሞተ ከ12 ሰዓታት ገደማ በኋላ ይጠነክርና በሁለተኛው ቀን መላላት ይጀምራል፣ በሦስተኛው ብዙም አይነግራችሁም። የሞተበትን ጊዜ ከፈለጋችሁ የዝንቦቹን እጭ ዕድሜ የሚያነብ ባለሙያ አስገባ፤ ለተጫዋቾችህ አዲስ ሰው ይሆናቸዋል።
መጋዘኑ ውስጥ ሲገቡ ሉሚኖል፣ ደም ሲነካ የሚያበራውን ኬሚካል፣ ስጣቸው። በጣም የቀጠነ ደምንም ያወጣል፣ ጨለማ ግን ይፈልጋል፣ ሰማያዊው ብርሃንም ግማሽ ደቂቃ ቢቆይ ነው። በረኪናም ያበራዋል። መብራቱን አጥፉ በላቸው፣ ረጩት፣ ከዚያ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ቦግ ይበል። ደሙ የቱ እንደሆነ አይለይም። ግን የመጋዘን ወለል በበረኪና የሚያጥብ ማን ነው? ያን ሳምንት የጽዳት ተረኛ ማን ነበር? ይኸው ዳይስ የማይፈልግ ፍንጭ።
ዲኤንኤውም ቢመጣ የሚያመሳስለው ሰው ካልተገኘ ስም አይነግራችሁም። የኤፍቢአይ የዲኤንኤ መዝገብ፣ ኮዲስ፣ የሚለየው ቀድሞ የገባበትን ሰው ነው። ስለዚህ ውጤቱን መጠበቁ ራሱ ተጠርጣሪ ከማግኘት አያድናቸውም፤ ለልጁ ይህን ንገረው።

ኮሚሽነር ነኝ ባይ፦
ወደ ስልኩ ልመለስ፣ ስላቋረጣችሁኝ ነው። የሕግ ተማሪዋ ግማሹን ልክ ናት። ስልኩን ይዞ ማቆየትና ማዘዣ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ጥፋቱ መክፈቱ ነው። አሁን በአድራሻው ሄደው የሚያገኙትም አብሮ ይበከላል። ሆኖም በ1984 በኒክስ ጉዳይ እንደተወሰነው፣ ማስረጃው በሕጋዊ መንገድም መገኘቱ እንደማይቀር ዐቃቤ ሕግ ካስረዳ ፍርድ ቤት ይቀበለዋል። ስለዚህ ወደዚያው ቤት የሚያደርስ ንጹህ መንገድ ይፈልጉ፤ የኪራይ ውል፣ ጎረቤት፣ የተጠርጣሪው መኪና። አድራሻውን ያውቁታል፣ ግን እንዳላወቁት ሆነው መድረስ አለባቸው።

ሰባተኛ ወንበር፦
ኮሚሽነር ዛሬ ቁም ነገር ተናገረ። ባለመጋረጃው፣ የሚቀጥለው ሴሽንህ ይኸው፤ ልጅቷንም ዐቃቤ ሕጓን ታጫውትልህ፣ ክርክሩ ወደ ጨዋታው ይገባል።

ባለመጋረጃው፦
የበሩን ደፍ እና በረኪናውን ወስጃለሁ። ጠሩኝ፣ ሄድኩ።

ዳይስ ጠላቴ፦
የምሳ ሰዓቱን ረሳኸው።

ፔጀር ዘመን፦
ይቅርታ በዚሁ ልጠይቅ፣ የእኔ ጨዋታ እ.ኤ.አ. 1995 ላይ ነው፣ አሜሪካ። ይሄ ሁሉ ለእኔም ይሠራል?

ነጭ ጋውን፦
ላብራቶሪው በግማሽ። ሉሚኖሉም ዝንቡም ይሠራሉ። ኮዲስ ግን በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ1998 ነው፣ የኤፍቢአይ የተቀናጀ የአሻራ ሥርዓት ደግሞ በ1999። ከሌላ ክፍለ ግዛት አሻራ ለማመሳከር ካርዱን ልከህ ቁጭ ብለህ መጠበቅ ነው። ተጠርጣሪህም ፔጀሩ (የሚፈልገው ሰው ስልክ ቁጥር የሚመጣበት የኪስ መሣሪያ) ሲጮህ የሕዝብ ስልክ ፍለጋ ይወጣል፤ መከታተል የሚያምረው ያኔ ነው። የዚያ ልጅ ሶርስቡክ ለአንተ ነው የተጻፈው፣ ከሸጠልህ ግዛው።