«እጥበቱን ትታችሁ በእምነት ጠብቁ» ተባልን፤ እናንተ ምን ትላላችሁ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ላይ ነው። ውኃ እንኳ የሚጠጣው ተለክቶ ነው። ክንዱ ላይ ለመርፌው ተብሎ የተሠራ የደም ሥር አለ፤ እጅ ሲያርፍበት ይነዝራል። ማታ እንቅልፍ ሲወስደው ቀስ ብዬ ነካ አደርገዋለሁ። ከነዘረ እኔም እተኛለሁ።

ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል ተብሏል፤ ከቤተሰብ የሚስማማ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ሥራው ቀርቷል፣ ዕዳው አለ። የከበደኝ ግን ሌላ ነው። አብረውን የሚጸልዩ ሰዎች መጥተው «እግዚአብሔር ስለ እናንተ ይዋጋል፥ እናንተም ዝም ትላላችሁ» የሚለውን አነበቡልን። ከዚያ «ማሽኑን እስክትለቁ ድረስ እግዚአብሔር አይሠራም» አሉ። ባለቤቴ ምንም አልመለሰም። ትናንት ግን «የነገውን ብዘለውስ?» አለኝ። ክው አልኩ። መሄዳችን እምነት ማጣት ነው? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ጽኑ እምነት፦
አይዞሽ እህቴ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ግማሽ ልብ ለሐኪም፣ ግማሽ ልብ ለእግዚአብሔር አይሆንም። ምድያማውያንን ሊወጋ የወጣው የጌዴዎን 32,000 ሰው ወደ 300 የወረደው ለምንድን ነው? መመኪያ ሲያልቅ ነው እርሱ የሚሠራው።

አንባቢው፦
ወንድሜ ጽኑ እምነት፣ የጌዴዎንን ሠራዊት የቀነሰው እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ ለራሱ ለጌዴዎን ተናግሮ። ጎረቤት መጥቶ አልቀነሰለትም። 300ዎቹም ቤታቸው አልተኙም። ቀንደ መለከትና ችቦ ይዘው በሌሊት ሰፈሩን ከበቡ።

እህቴ፣ የተነበበላችሁ ዘጸአት 14፥14 ነው። ቀጣዩን ቁጥር ማንም አላነበበላችሁም? እግዚአብሔር ሙሴን «ለምን ወደ እኔ ትጮኻለህ?» ይለውና ሕዝቡ ወደ ፊት እንዲሄድ ያዛል። ከኋላ 600 የተመረጡ የፈርዖን ሠረገሎች አሉ። ከፊት ባሕር ነው፤ ገና አልተከፈለም። ባሕሩን የከፈለው ነፋስም ሌሊቱን ሙሉ ነው የነፈሰው። እኛ ስንሰብከው ያችን ሌሊት እንዘላታለን።

የንጉሡን የሕዝቅያስን ነገር ደግሞ 2ኛ ነገሥት 20 ላይ እዪው። ለሞት ታሞ ነበር። ጸለየ፣ አለቀሰ። እግዚአብሔርም እፈውስሃለሁ አለው፤ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። ቃሉ ወጣ፣ ነገሩ አለቀ አይደል? ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ እባጩ ላይ ያስደረገለት ግን ይህን ቃል ካደረሰው በኋላ ነው። ነቢዩ እምነት ጎድሎት ነው ልንል ነው?

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የጳውሎስ መርከብ ነው፣ ሐዋርያት ሥራ 27። መልአክ በሌሊት መጥቶ አብረውት ያሉት ሁሉ እንደሚተርፉ ነግሮታል። መርከበኞቹ በታንኳ ሊያመልጡ ሲሉ ግን ጳውሎስ «ቃል ተገብቶልናል፣ ይሂዱ» አላለም። እነሱ መርከቡ ላይ ካልቆዩ እናንተ ልትድኑ አትችሉም ብሎ ለመቶ አለቃው ነገረው። ምግብ እንዲቀምሱም ለመናቸው። 276 ሰዎች ነበሩ። መርከቡ ተሰባበረ። ዋና የሚችለው ዋኘ፣ የቀረው ሳንቃና ስብርባሪ ይዞ የብስ ወጣ። አንድም ሰው አልጠፋም። በሳንቃ የወጣውን እግዚአብሔር አላዳነውም የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ። ባለቤትሽ ማሽኑ ሥር ተኝቶ ቢጸልይ አይሰማም ያለው ማን ነው?

ተረኛ ነርስ፦
ጥቅሱን ለእነሱ ልተወው። የምሠራው እጥበት ክፍል ነው። እባክሽ አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘል። ፈሳሹ ሳንባ ላይ ይጠራቀምና ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ፖታሲየም ደም ውስጥ ሲበዛ ደግሞ ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል፤ አንዳንዴ ምልክት እንኳ አያሳይም። ንዝረቱን መከታተልሽ በጣም ጥሩ ነው። የጠፋ ዕለት ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪሙ ጋ ደውዪ። ደግሞ እኛ ክፍል ውስጥ የሚጸለየውን ብታዪ!

ባሏ ያረፈባት፦
የእኔ ባለቤት አልዳነም። ጸልየናል፣ ታክመናል። ከቀብሩ መልስ «እምነታችሁ አንሶ ነው» ያለኝ ሰው አለ፤ እሱን ይቅር ለማለት ዛሬም እየታገልኩ ነው። ሐዋርያት ሥራ 12ን አንብቢ። ሄሮድስ ያዕቆብን በሰይፍ ገደለ፤ ጴጥሮስን ደግሞ መልአክ ከወህኒ አወጣው። እዚያው ምዕራፍ ላይ። ያዕቆብ እምነት ጎደለው የሚል አንድ ቃል የለም። ለጣዖት አንሰግድም ብለው ወደ እሳት የተጣሉት እነ ሲድራቅም እሳቱ ሳይነካቸው በፊት «ባያድነንም» ብለው ነው ለንጉሡ የመለሱት። እኔን ያቆመችኝ ይቺ ቃል ናት። ውጤቱን ትከሻሽ ላይ ሊጭን የሚመጣውን ሰው ከበር መልሺው።

የሁለት ልጆች እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የመርከቡን ታሪክ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሳንቃው ጋ ስደርስ ሳቀ፤ «የእኔዋ ሳንቃ ደግሞ ጲጲ ትላለች» አለ። ነገ እንሄዳለን። ለጸሎት ወገኖቻችን ከተመለስን በኋላ እነግራቸዋለሁ። ነርሷ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ከእጥበት ሲወጣ ራሱን ያመዋል። የተለመደ ነው?

ተረኛ ነርስ፦
ብዙ ሰው ላይ ይታያል። ግን ነገ ገና ሳይጀምሩለት ንገሪያቸው፤ ፈሳሹን የሚያወጡበትን ፍጥነት ሊያስተካክሉለት ይችላሉ።