እናቴ የማህፀን በር ምርመራ ናሙናዋን ራሷ ብትወስድ ውጤቱ ይታመናል?

የፉትስክሬ ልጅ፦
እህቶች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ሜልበርን ነው ያለነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ እንድታደርግ ደብዳቤ መጣላት። በሕይወቷ ተመርምራ አታውቅም። ሳነሳባት ትቆጣለች። «አባትሽ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ከዚያ ወዲህ ምን ሊይዘኝ?» ትላለች። በልጅነቷ ተገርዛለች፤ ዶክተር ፊት መገላለጥ ሞቷ ነው። ክሊኒኩ ስደውል ናሙናውን ራሷ መውሰድ ትችላለች አሉኝ። ግን በደንብ ባታደርገውስ?

ነርስ ነኝ፦
ይታመናል እህቴ። እዚሁ ከተማ ነርስ ነኝ፤ ብዙ እናቶቻችንን በዚህ መንገድ አስመርምሬያለሁ። የሚፈለገው የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ካለ ከብልት ግድግዳ በተጠረገው ናሙና ላይም ይገኛል። ስለዚህ እስከ ማህፀን በር መድረስ አያስፈልጋቸውም። ሐኪም ከሚወስደው ናሙና እኩል አስተማማኝ ነው። አውስትራሊያም ከጁላይ 2022 ጀምሮ ምርጫውን ከ25 እስከ 74 ዓመት ላሉ ሴቶች ሁሉ ከፍታለች።

ናሙና መውሰጃው ስዋብ ረዘም ያለ የጆሮ መጥረጊያ ይመስላል። ከመጋረጃ ጀርባ ወይም መታጠቢያ ቤት ገብተው ጥቂት ሴንቲሜትር ያስገባሉ፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቀስ አድርገው ያዞሩታል። በቃ። ማንም አያያቸውም። ጠባሳው ቦታውን ቢያጠበውም ስዋቡ ቀጭን ነው። ካመማቸው ግን ያቁሙና ለነርሷ ይንገሯት፤ በግድ አይሆንም።

ስለ አባትሽ ያሉትን ደግሞ በእርጋታ አስረጂያቸው። ቫይረሱ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ መቀመጥ ይችላል። ግንኙነት ያደረገ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ጊዜ ያገኘዋል። ስለዚህ የማንንም ስም የሚያጎድፍ ነገር የለውም። ይሄን ሲሰሙ ፊታቸው የሚፈታ እናቶች አሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ ደም አይተው ከሆነ ስዋብ አይበቃም፤ ቶሎ ሐኪም ይያቸው።

ሰናይት ከሰንሻይን፦
እኔ ራሴ ወስጄ ቫይረሱ ተገኘብኝ። 16 እና 18 ከሚባሉት የቫይረሱ ዓይነቶች፣ አብዛኛውን ካንሰር ከሚያመጡት፣ ውጭ ነበር። ተመልሼ ዶክተሯ ሌላ ናሙና ወሰደች፤ ሴሎቹ ደህና ሆኑ። ያን ሰሞን ግን እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ተገኘ ማለት ካንሰር ነው ማለት እንዳልሆነ ቀድሞ የነገረኝ የለም። አንቺ ለእናትሽ ከወዲሁ ንገሪያቸው። ደግሞ አንቺ አታስተርጉሚላቸው! ነጻ የስልክ አስተርጓሚ አለ፣ ሴት ትሁን በይ። እናት በልጇ ፊት የማትናገረው ብዙ ነው።

ማርታ ከአዲስ አበባ፦
እኔን ጤና ጣቢያ በአሴቲክ አሲድ ቀብተው በዓይን አይተው ነው የመረመሩኝ። ነርሷ ፊት ተገላልጠሽ መተኛት አለብሽ፣ ጎረቤቶቼ የሚሸሹት እሱን ነው። ይሄ ስዋብ እኛም ጋ ቶሎ በየቀበሌው ቢደርስ እላለሁ።

የፉትስክሬ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የአስተርጓሚውን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፤ እኔው ልገባ ነበር። ቤት ወስዳ ብታደርገውስ ይፈቀዳል?

ነርስ ነኝ፦
አንዳንድ ጂፒዎች (የቤተሰብ ሐኪሞች) ይሰጣሉ፣ ደውለሽ ጠይቂ። ቤት ከወሰዱት ሳይውል ሳያድር መልሺው። ካልተገኘባቸው ቀጣዩ ከ5 ዓመት በኋላ ነው። ቀጠሮ ስትይዢ ግርዛቱን ለነርሷ አስቀድመሽ ንገሪ፤ እሳቸው ከሚያስረዱ ይቀላል።