ክርክር፦ አምቡላንሱ ከተማ ይግባ ወይስ ገጠር ይቆይ?

መነሻ፦ ገጠር ጤና ጣቢያ ግቢ የሚያድረው የወረዳው አምቡላንስ ከተማ ወዳለው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይዛወር ተብሏል። ምክንያቱ ነዳጅ፣ ጥገናና ቁጥጥር ነው። እናንተስ?

ሹፌር፦ እኔ ይዛወር ባይ ነኝ። ነዳጅ የሚቀዳው ከተማ፣ ጎማ የሚለጠፈው ከተማ። ነዳጅ ልቀዳ በወጣሁበት ስልክ ቢደወል ማን ይደርሳል? ደግሞ ጤና ጣቢያው ያለው በወረዳው አንድ ጫፍ ነው። ከወዲያኛው ጫፍ ስጠራ ከተማውን አቋርጬ ነው የምሄደው። ሌሊቱን ሙሉ ስነዳ አድሬ ጠዋት ብጠራም የሚተካኝ የለም።

አዋላጅ ነርስ፦ ወንድሜ፣ የነዳጁ ነገር እውነት ነው። ግን መንገዱን አስበው። አሁን እናቲቱን ጭነህ አንዴ ነው የምትሄደው። ከተማ ካደርክ ባዶህን መጥተህ ጭነህ ትመለሳለህ። መንገዱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከወሊድ በኋላ ደም በብዛት የሚፈሳት እናት በ2 ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። እኛ ማህፀን እንዲኮማተር የሚያደርገውን መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲን፣ እንወጋለን፣ ማህፀኗን እናሻለን፣ በደም ሥር ፈሳሽ እንሰጣለን። የሚሰጥ ደም ግን የለንም፣ ኦፕራሲዮንም የለም። በክረምት ጭቃ አንዱ ጉዞ ብቻ 1 ሰዓት ቢፈጅ ምን ተረፈን?

የከተማ ነዋሪ፦ ከተማ ውስጥስ እናት የለችም? ሕዝቡ የሚበዛው እዚህ ነው። የመኪና አደጋም የሚደርሰው አስፋልቱ ላይ ነው። ለሩቅ ቀበሌ እናቶች ደግሞ የእናቶች ማቆያ ተሠርቷል። ቀናቸው ሲቃረብ ገብተው ይጠብቁ።

አዋላጅ ነርስ፦ የአደጋውን ነገር እቀበላለሁ። ማቆያውም ጥሩ ነው፣ እኔም ግቡ እያልኩ እለምናለሁ። ግን አራት ልጅ ቤት ያላት ሴት ለማን ትታቸው ትምጣ? ማን ያበስልላቸዋል? ምጥስ ያለ ቀኑ ሲመጣ?

የገበሬ ልጅ፦ ከተማ ውስጥ በውድቅት ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ይገኛል። እኛ ጋ ያለው ቃሬዛ ነው። አራት ሰው ይሸከማል፣ ሌላ አራት ተተኪ ከኋላ ይከተላል። በጨለማ ዳገቱን ወርደን መኪና መንገድ ስንደርስ አምቡላንሱ ቆሞ ሊጠብቀን ይገባል። «አሁን ከከተማ እየተነሳ ነው» የሚል መልስ ለእኛ ምን ያደርግልናል? አምቡላንሱ የሚደርስበት አማካይ ጊዜ ያጥራል ይባል ይሆናል። የሚያጥረው ግን መጀመሪያውኑም ቅርብ ለነበረው ሰው ነው።

ሹፌር፦ ይገባኛል። እኔም ቃሬዛ ላይ የደረሰችን እናት ጭኛለሁ። ሁለተኛ ሹፌር ከተመደበልኝና መጠባበቂያ ነዳጅ እዚያው ከተቀመጠ ገጠር ማደር አይከብደኝም። በአሁኑ አያያዝ ግን አንድ ቀን ነዳጅ አልቆ መኪናው ይቆማል።

አዋላጅ ነርስ፦ እንግዲያውስ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ የምናቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው። ሁለተኛ ሹፌርና መጠባበቂያ ነዳጅ። ይህ ሳይሞከር ቦታ መቀየሩን አልቀበልም።