«ለልጁ ሲባል» የምትሉት ለየትኛው ልጅ ነው?

የማለዳ ጮራ፦ ትናንት የኖርዌይን ነገር አንስተን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የአጎትና የአክስት ልጆች እንዳይጋቡ በሕግ ከልክላለች። ጥቁር ሰሌዳ «ለሚወለደው ልጅ ሲባል ሁሉም አገር ይከልክል» ብሎ ጽፎ ሄደ። ስበሳጭ አደርኩ። ሁለት አዋቂ ሰዎች ተዋደው፣ ተስማምተው ቢጋቡ መንግሥትን ምን አገባው? ወንድምና እህት አላልኩም። ወላጅና ልጅ አላልኩም። የአክስት ልጅ ነው ያልኩት።

ጥቁር ሰሌዳ፦ ልጁ አፍ የለውማ! አፍ ለሌለው የሚናገርለት ሕግ ነው። በእንግሊዟ ብራድፎርድ ከ11,000 በላይ ሕፃናትን የተከታተለውን ጥናት አንብቢ። እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የወጣው። የአጎት ወይም የአክስት ልጆች ሲጋቡ፣ ልጃቸው ከተፈጥሮ እክል ጋር የመወለድ ዕድሉ ከ100 3 የነበረው ወደ 6 ገደማ ይወጣል። እጥፍ ነው።

የማለዳ ጮራ፦ አንብቤዋለሁ። የቀረውን ለምን ዘለልከው? 6 ማለት እኮ 94ቱ ያለዚያ እክል ተወለዱ ማለት ነው። እዚያው ጥናት ላይ ዕድሜያቸው ከ34 ያለፈ እናቶችም ተቀራራቢ አደጋ እንዳለባቸው ተጽፏል። እና «ለልጁ ሲባል» የ35 ዓመት ሴት እንዳታገባ ልንከለክል ነው?

ቀጥተኛዋ፦ ወላጆቼ የእህትማማች ልጆች ናቸው። ታናሽ ወንድሜ መስማት ሳይችል ተወለደ። ሐኪሙ ወረቀት አውጥቶ ቤተሰባችንን ሣለ። ለሴት ክብ፣ ለወንድ አራት ማዕዘን። ሌሎቹን ባልና ሚስቶች በአንድ መስመር አገናኛቸው። እናቴና አባቴ ጋ ሲደርስ ሁለት መስመር አሰመረ። እናቴ ሁለተኛዋን መስመር በጣቷ ነክታ «ይቺ ምንድን ናት?» አለች። ሐኪሙ አስረድቶ እስኪጨርስ ጣቷን ከወረቀቱ አላነሳችም።

ጥቁር ሰሌዳ፦ እህቴ፣ ከልቤ አዝናለሁ። ግን እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ሕጉ ቢኖር ኖሮ እናትሽ ያቺን መስመር አታይም ነበር።

ቀጥተኛዋ፦ ሕጉ ቢኖር ኖሮ ወንድሜም አይኖርም ነበር። እኔም አልኖርም። «ለልጁ ሲባል» ስትል የተጠቀመው የትኛው ልጅ ነው? ወንድሜ አናጺ ነው። መጋዙ ሲደነዝዝ በመዳፉ ያውቀዋል። ፊቱ ቆመህ «አንተ ባትወለድ ይሻል ነበር» በለው እስኪ።

ጥቁር ሰሌዳ፦ ያላልኩትን አትጫኚብኝ! ስላለ ሰው አላወራሁም። ወደፊት ስለሚሆነው ነው።

ቀጥተኛዋ፦ ወንድሜም አንድ ጊዜ «ወደፊት» ነበር።

አንባቢ፦ ቻርልስ ዳርዊን እኮ የአጎቱን ልጅ ኤማን ነው ያገባው፣ እ.ኤ.አ. በ1839። 10 ልጆች ወልደዋል። አንዱ ጆርጅ የታወቀ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሆኗል።

ጥቁር ሰሌዳ፦ 3ቱ በልጅነታቸው እንደሞቱ ለምን አልጻፍክም?

አንባቢ፦ በዚያ ዘመን ልጅ ያልሞተበት ቤት ስንት ነበር?

ጥቁር ሰሌዳ፦ ዳርዊን ራሱ ግን ተጨንቋል። እ.ኤ.አ. በ1871 የእንግሊዝ ሕዝብ ቆጠራ ላይ ስለ ዘመዳሞች ጋብቻ ጥያቄ እንዲገባ አስጠይቆ ነበር። ፓርላማው እምቢ አለ።

አንባቢ፦ አዎ፣ ይጠየቅ አለ። ይከልከል አላለም። ልዩነቱ አይታይህም?

የማለዳ ጮራ፦ ዳርዊንን ተዉት። «ለልጁ ሲባል» የሚለው ሐሳብ የት እንደሚያደርስ የአሜሪካኗን ግዛት አሪዞናን እዩ። እዚያ የአጎት ልጆች የሚጋቡት ሁለቱም 65 ዓመት ከሞላቸው ነው። ካልሆነም አንዳቸው መውለድ እንደማይችሉ ለዳኛ ማስረዳት አለባቸው። ሰው ለማግባት ብሎ መካን መሆኑን ችሎት ፊት ያስረዳ? ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት ሜይን ደግሞ የዘረመል ምክር (በዘር ስለሚተላለፍ በሽታ የሚሰጥ ምክር) ማግኘታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ትቀበልና ታጋባለች። እኔ የምፈልገው ይሄንን ነው። ምከር፣ አስመርምር፣ ከዚያ ውሳኔውን ለባለቤቶቹ ተው።

የጓዳ ድምፅ፦ ጮራ፣ መጀመሪያ ላይ «ተስማምተው» ያልሽውን ቃል ይዤ ነው የመጣሁት። እኔ የአጎቴን ልጅ ያገባሁት በ19 ዓመቴ ነው። አጎቴ ከአባቴ ጎን ተቀምጦ ነበር፣ እጁ አባቴ ጉልበት ላይ። «ፈቃደኛ ነሽ?» ተባልኩ። የባዕድ ልጅ ቢሆን አልፈልግም ብዬ ተነስቼ እሄዳለሁ። የአጎቴን ልጅ እምቢ ማለት ግን አጎቴን እምቢ ማለት ነው። አባቴን ከወንድሙ ጋር ማጣላት ነው። አዎ አልኩ። ወረቀቱ ላይ እኔም ተስማምቻለሁ።

የማለዳ ጮራ፦ በጣም ያሳዝናል። ግን ይሄ ማስገደድ ነው፣ ራሱን የቻለ ወንጀል። አስገዳጁ ይቀጣ። የተዋደዱት ምን አደረጉ?

የጓዳ ድምፅ፦ ማን ከስሶ ይቀጣው? አጎቴን ልክሰሰው? አባቴ ሊመሰክርልኝ? ማንም እኮ አልመታኝም፣ አልጮኸብኝም። የኖርዌይን ሕግ የደገፉትም አንዱ መከራከሪያቸው ይሄው ነበር። ሕጉ ቢኖር ኖሮ «አይቻልም» የሚለው ሕጉ ነው። እኔ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር።

ጥቁር ሰሌዳ፦ ይኸው! ይከልከል ስል ነበር።

የጓዳ ድምፅ፦ አንተ ያልከው ሌላ ነው። አንተ ስለ ደም ነው ያወራኸው። እኔ ስለ እኔ ነው።

ቀጥተኛዋ፦ ጓዳ፣ እናቴ ግን አባቴን ወዳው ነው ያገባችው። እስከ ዛሬም ትወደዋለች። ላንቺ መዳኛ የሚሆነው ሕግ እሷን ይከለክላት ነበር። ይሄን ምን ትይዋለሽ?

የጓዳ ድምፅ፦ አላውቅም። እናትሽን ደስ ይበላት እላለሁ። ግን ሕጉን አሁንም እፈልገዋለሁ።

አንባቢ፦ ጓዳ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ልጆች አሉሽ?

የጓዳ ድምፅ፦ ሁለት። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ስለ እነሱ አላወራሁም።