የላንድክሩዘር 250 ስፋትና የውስጥ ጥራት

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሳለን ፕራዶ 150 እንነዳ ነበር። አሁን እዚህ አሜሪካ ላንድክሩዘር 250 ለመግዛት አስበናል፤ ሦስት ትናንሽ ልጆች ስላሉን ከውጭ የሚታየው ግዝፈት ውስጡም መኖሩን፣ የውስጥ ሥራውም ለዋጋው የሚመጥን መሆኑን ከመፈረማችን በፊት ማወቅ እንፈልጋለን።

መልስ 1፦ ከ150ው ጋር ሲነጻጸር ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሮ ወደ 4.92 ሜትር፣ ስፋቱም ወደ 1.98 ሜትር ደርሷል፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 2.85 ሜትር ሲሆን ከትልቁ ላንድክሩዘር 300 ጋር እኩል ነው። ነገር ግን የአሜሪካው ሃይብሪድ (በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሠራ) ብቻ በመሆኑ ባትሪው ከዕቃ መጫኛው ሥር ተቀምጦ ወለሉን ከፍ አድርጎታል፤ ሦስተኛ ረድፍ መቀመጫም የለውም። ስለዚህ የልጆቹን መቀመጫዎች ይዛችሁ ሂዱና ሦስቱንም ጎን ለጎን አስራችሁ፣ የመሃለኛው ቀበቶ መቆለፊያ ለእጅ መድረሱን እዩ።

መልስ 2፦ «1958» የተባለው መነሻ ደረጃ የጨርቅ ወንበርና 8 ኢንች ስክሪን፣ ከእሱ በላይ ያለው ደግሞ 12.3 ኢንች ስክሪን አለው። በእኔ እምነት ለጭቃና ለአቧራ በተሠራ መኪና ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ነውር አይደለም፤ ሻጩን ፈቃድ ጠይቃችሁ ሸካራ መንገድ ላይ ሬዲዮውን አጥፍታችሁ ንዱትና ዳሽቦርዱና የበሩ ክንድ ማሳረፊያ ይንቋቋ እንደሆነ አዳምጡ።

መልስ 3፦ ሦስተኛ ረድፍ ግድ ከሆነባችሁ በዚያው ዓይነት ሻንሲ ላይ የተሠራውን ሌክሰስ ጂኤክስ 550 እዩ፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።