ውርጭ የመታቸው አበቦቼ ይተርፉ ይሆን? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። አበባ የምታውቁ ሰዎች፣ አንድ ነገር በሉኝ።

የዘንድሮው ውርጭ ጓሮዬን አራቁቶታል። ሌሊት ሌሊት ቅዝቃዜው ከ0 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሰነበተ። ጄራኒየሞቹ ጠቁረው፣ ቅጠላቸው የተቀቀለ መስሎ ተልፈስፍሷል። ለእነሱ ተስፋ ቆርጫለሁ።

የጨነቀኝ የጽጌረዳዎቹ ነገር ነው። ጫፋቸው ደርቋል። ግንዳቸውን በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ግን ከላይ ቡናማ፣ ዝቅ ስል ደግሞ እርጥብ አረንጓዴ አገኛለሁ። ሕይወት አለው ማለት ነው። ታዲያ አሁኑኑ እስከ አረንጓዴው ልቁረጠው ወይስ ብርዱ ጨርሶ እስኪያልፍ ልታገስ? አሁን ብቆርጠው ለጋ ቀንበጥ ያወጣና ቀጣዩ ውርጭ ይጨርሰዋል ብዬ ፈራሁ።

አንደኛው ጽጌረዳ ደግሞ በሌላ ሥር ላይ የተዳቀለ ነው። እናቴ ናት የሰጠችኝ፣ በሌላ የምተካው አይደለም። አበባውና ሥሩ ከተጣበቁበት መጋጠሚያ በላይ ያለው ሁሉ ደርቆ ሲሰበር ቀጭ ይላል። ከመጋጠሚያው በታች ቢያቆጠቁጥ የሚወጣው የሥሩ ዝርያ እንጂ የእናቴ አበባ አይደለም። መጋጠሚያው ራሱ መሞት አለመሞቱን በምን ልወቅ? አፈር ባለብሰው ይጠቅመዋል?

ዳሊያዎቹንም ቆፍሬ አየኋቸው። አንዳንዱ ሥር ጠንካራ ነው፣ አንዳንዱ ጫን ሲሉት ውሃ ይተፋል። የበሰበሰውን ቆርጬ ብጥል፣ አንገቱ ላይ ዓይን (ቡቃያ የሚወጣበት እብጠት) ያለው ቀሪው መልሶ ይበቅላል? እስከዚያስ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ላቆየው ወይስ ወደ መሬቱ ልመልሰው?