የባሕር ዘንግ ይዤ ጣና ዳር ቆሜያለሁ፤ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ጎንደር ነው የምኖረው። ወንድሜ ከጅዳ ሲመለስ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዞልኝ መጣ፣ ከነክር መጠቅለያው። ችግሩ ለባሕር ዳርቻ የተሠራ ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር ገደማ፤ ባጃጅ ውስጥ እንኳ አይገባም! መንጠቆውን ወደ ታች የሚያሰምጠው እርሳስም ማዕበል እንዳይወስደው ታስቦ 150 ግራም ነው።

እኔ ያለኝ ውሃ ደግሞ ጣና ነው። ሲመቸኝ ወደ ጎርጎራ እወርዳለሁ፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከዳር ቆሜ ስወረውር እርሳሱ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። መንጠቆው ሣር ወይ ድንጋይ ይይዝና ክሩ ይበጠሳል። ካልተያዘም ትናንሽ ዓሦች ትሉን ለቅመው ባዶውን ይመልሱልኛል። ዩቲዩብ ላይ የማያቸው ሁሉ "ባሕሩ ሲሞላ ወርውሩ" ይላሉ። ጣና እንደ ባሕር በየቀኑ አይሞላ፣ አይጎድል፤ እኔ ምኑን ልጠብቅ?

የአካባቢው አሥጋሪዎች በመረብ ነው የሚሠሩት፤ ዘንጌን እያዩ ይስቃሉ። አይፈረድባቸውም። "ትንሽ ገባ ብለህ ወርውር" ያለኝም አለ። ቢልሃርዝያውን ማን ሊችለው?

እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። ከባዱን እርሳስ ትቼ መንጠቆውን በቡሽ ላንሳፍፈው? ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ዳር ዳሩን፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ እንደሚገኝ አውቃለሁ፤ ለእሱ ምን ያህል ትልቅ መንጠቆ ይበቃል? ትል ይሻላል ሊጥ? አምባዛ ግን ከታች ስለሚሄድና ማታ ስለሚበረታ ምናልባት ይሄ ዘንግ ለእሱ ይሆን ይሆናል። ወይስ ሸጬው ቀለል ያለ ልግዛ? ትንንሽ መንጠቆስ ጎንደር ውስጥ የት ይሸጣል? ቅዳሜ ገበያን ዞሬ አጣሁ።